የጋሽ ማረው እሺታ

ጥር 16 ቀን 1996፣ እሁድ

ተሸነፍን። እንደገና። በሜዳችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት፣ ያውም ከኛ በታች ባለ ቡድን።

ሜጋፎን ይዤ ስጮህ ውዬ ድምፄ ተዘግቷል። ከስታዲየም ስንወጣ አንዱ ከኋላዬ፣ «ይሄ ሽማግሌ አሰልጣኝ ካልተነሳ ቦርከና ስፖርት ክለብ ወርዶ ወርዶ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ይገባል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ትንሽ ሳቅሁ።

ጋሽ ማረው እኮ አባት ማለት ናቸው። በታዳጊ ቡድን ያሰለጠኑኝ እሳቸው፣ ጉልበቴ ተበላሽቶ ኳስ ሳቆም የስታዲየሙን አጥር ቀለም እንድቀባ ለክለቡ የነገሩልኝ እሳቸው። ዛሬ ታፔላ ጸሐፊ የሆንኩት ከዚያ አጥር ተነስቼ ነው። ባለቤቴ ሰላም ማርገዟን የሰሙ ዕለት ቤት ድረስ መጥተው፣ «ወንድ ከሆነ ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው እንዳታስቡ» ብለውናል። ሰላም ከዚያ ወዲህ አበልጄ እያለች ነው የምትጠራቸው።

ግን ለምንድነው ያንን አጥቂ በመስመር የሚያጫውቱት? ለምን?

ጥር 20

የመድኃኒት ቤት ታፔላ እየጻፍኩ ነው። «መድኃኒት» የሚለውን አበላሽቼ እንደገና ቀባሁት። ባለቤቱ መጥቶ ፊደሉን እንኳ አላየም። «ማረውን መቼ ነው የምታባርሩት?» አለኝ። የምታባርሩት ይለኛል። እኔ ማን ነኝ? ሜጋፎን የምይዝ ሰው ነኝ።

ጥር 23፣ እሁድ

ዛሬም ተሸነፍን። ከዕረፍት በኋላ ሕዝቡ ዘፈን ጀመረ።

ሐረጎን ይሻገር፣ መንገዱን ያውቀዋል፤
ማረው ደክሞታል፣ ዕረፍት ያሻዋል።

ጋሽ ማረው ቤታቸው ደሴ ስለሆነ ነው የሐረጎን ዳገት ይሻገር የተባለው። መጀመሪያ ከግራ ጥላ ፎቅ በኩል ነው የተነሳው፤ ከዚያ ሁሉም ያዘው፤ እኔ ሜጋፎኑን አልዘጋሁም እንጂ አልጀመርኩም። ማን እንደገጠመው አይታወቅም። እንዲህ ያለ ነገር ከሕዝብ ይወጣል። ደግሞ ስድብ የለበትም። አንቱታው የተተወው ለዜማው ነው፤ «ይሻገሩ» ቢባል አይሄድም።

ጋሽ ማረው ዘወር ብለው አላዩንም። ኮፍያቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት፣ ያ ብቻ ነው።

ጥር 24

ሰላም ሽሮ እያማሰለች፣ «ቅዳሜ ቀለም ስትቀባ ስታንጎራጉረው የነበረው ዜማ ይሄ አይደለም?» አለችኝ። «ብዙ ዜማ ይመሳሰላል» አልኳት። ማማሰሏን ቀጠለች።

ጥር 28፣ ዓርብ

በቀበሌ አዳራሽ ግምገማ ተጠራ። የክለቡ አመራር ከፊት፣ ደጋፊው አዳራሹን ሞልቶ፣ ጋሽ ማረው ለብቻቸው ወንበር ላይ። ሰብሳቢው፣ «እስቲ ድክመትዎን ዘርዝረው ግለ ሂስ ያድርጉ» አላቸው። ጋሽ ማረው ተነሱ። «ተከላካዮቼ ሁለቱ ታመዋል። አጥቂዬ ሐርቡ ወርዶ እናቱን ቀብሮ ሳምንት አልሆነው። ይህን ድክመት ካላችሁት ድክመት ነው» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ ጮኸ። ከደጋፊው ወገን «ጋሹ፣ ተናገር» ሲሉኝ የተናገርኩት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። «ጋሽ ማረውን እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ሕዝቡ ለውጥ ይፈልጋል።» ይሄ ምን ክፋት አለው? ያየሁትን ነው የተናገርኩት። ክፉ ነገር ተናግሬ ቢሆን ኖሮ አያጨበጭቡልኝም ነበር።

የካቲት 2

አነሷቸው።

ከሰዓት ቦርሳቸውን ይዘው በሱቄ በር አለፉ። ብሩሽ በእጄ እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰላም አላሉኝም። አላዩኝም ይሆናል፤ መሰላል ላይ ነበርኩ። መሰላል ላይ ያለ ሰው አይታይም። «ጋሽ ማረው» ልል አስቤ የጭነት መኪና መጣና ድምፄ አይሰማም ብዬ ተውኩት።

የካቲት 12

አዲሱ አሰልጣኝ መጣ። እስራኤል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ነው፤ ወጣት ነው፤ ተጫዋቾቹን ገመድ ያዘልላል፤ ሰሌዳ ላይ በቀይና በሰማያዊ እየሣለ ያስረዳል። ደጋፊው ጨርቁን ጥሎ አብዷል። ጓደኛዬ እንድሪስ፣ የደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሹፌር፣ «እኔ እንኳ ገመድ በመዝለል ጎል ሲገባ አላየሁም» ይላል። እንድሪስ ምንም ነገር አይጥመውም።

የካቲት 21፣ እሁድ

አሸነፍን!! ድምፅ የለኝም።

መጋቢት 8፣ ረቡዕ

ወንድ።

ሰላም ደህና ናት። ልጁ ደህና ነው። መጻፍ አልቻልኩም።

መጋቢት 12፣ እሁድ

አቻ ወጣን። ምድቡን ከሚመራው ቡድን ብዙም አልራቅንም። አንደኛ የወጣ ናዝሬት ሄዶ ማጠቃለያ ይጫወታል፤ ከማጠቃለያው ያለፈ ደግሞ ፕሪሚየር ሊግ ይገባል። ኮምቦልቻ ፕሪሚየር ሊግ! ሰው በየሱቁ የሚያወራው ሌላ ነገር የለም።

ቤት ስገባ ሰላም ልጁን እያጠባች፣ «ለጋሽ ማረው ነገርካቸው?» አለች። አርባ ቀኑ የሚሞላው ሚያዝያ 17 ነው።

«እነግራቸዋለሁ።»

«ተጣልታችኋል እንዴ?»

«አልተጣላንም።»

«እንግዲያው ደሴ ውጣና ንገራቸው። ካልሆነም ንገረኝ፣ ወንድሜ እንየው ያንሳው።»

እንየውን አልፈልግም። ጋሽ ማረው ልጄን ካላቀፉት የሆነ ነገር ይበላሻል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም ግን ይበላሻል። ሽማግሌ ልልክ ወስኛለሁ። ሰላም፣ «ራስህ ብትሄድስ?» አለች። እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ ነው የሚያምረው አልኳት። እሷ ደግሞ አልተጣላንም ያልክበትን ነገር ሽማግሌ ምን ሊያደርግለት ነው አለች። ሴት ልጅ ስትወልድ ነገር ትመረምራለች መሰለኝ።

መጋቢት 16፣ ሐሙስ

ምን ጉድ ነው የገባሁበት!

ሽማግሌዎቹ ጎረቤታችን ሐጂ ዘይኑልአቢዲንና የንስሐ አባታችን ቄስ ኃይለ ሚካኤል ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ ከነሱ በላይ የሚከበር የለም። ጠዋት በእንድሪስ መኪና ወጡ፤ አመሻሽ ላይ ተመለሱ። ሐጂ ገና ከበሩ፣ «አብሽር፣ አብሽር፣ ልጄ! እሺ ብሏል!» ሲሉኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር። ቄስ ኃይለ ሚካኤል ግን መሬት መሬት ያያሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ማረው ቤት ሲደርሱ እንደ ወጉ በር ላይ ቆሙ። ግቡ፣ ተቀመጡ ቢባሉ፣ «የመጣነው ለእርቅ ነው፤ እሺ ሳትለን አንቀመጥም» አሉ። ጋሽ ማረው ነገሩን ሳይሰሙ እሺ አሉ። ለሽማግሌ ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ሐጂ ንግግር ጀመሩ፤ ሐጂ ደግሞ ንግግር ሲጀምሩ ከሩቅ ነው።

«እኔ ምን አልኩ፣» አሉኝ፣ «ማረው፣ ኮምቦልቻ በድላሃለች አልኩት። ዓመታት ሙሉ ልጆቿን አሳድገህላት እንደ ባዳ ሸኘችህ፤ አሁን ግን ተጸጽታለች፣ አውፍ በላት፣ ይቅር በላት አልኩት። ወደ ልጅህ ጉዳይ ልገባ ስል እሱ ዓይኑ እንባ ሞላ። ‹ሐጂ፣ እናንተን የላከ ክለቡ ነው?› አለኝ።»

«እና ምን አሉት?»

«ኮምቦልቻ ነው የላከን አልኩት። ጋሹ የኮምቦልቻ ልጅ አይደለም?»

«ሐጂ!»

«ስማኝ እንጂ። ሚስቱ ባይነሽ ከጓዳ ወጥታ እልል አለች። ወላሂ ቤቱ ተናጋ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። ማረው ተነስቶ የታጠበ ቱታውን ከሳጥን አውጥቶ አሳየን። አንተ ብትሆን በዚያ እልልታ ላይ ምን ትላለህ?»

ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቀስ ብለው፣ «የክርስትናውንስ ነገር አንስተናል» አሉ። «‹እሱማ ልጄ አይደለም ወይ፣ እንግዲህ ኮምቦልቻ ከወረድኩ እዚያው ነኝ› አሉ። ለማረም አስቤ ነበር። ምሳ ቀረበና…»

ስለዚህ ጋሽ ማረው ደሴ ተቀምጠው ክለቡ ጠራኝ ብለው እየጠበቁ ነው። ክለቡ ግን አልጠራቸውም። ክለቡ ረስቷቸዋል።

መጋቢት 17

ነገ ደሴ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ። «ሽማግሌዎቹ ከኔ ነው የመጡት፤ ክለቡ አያውቅም» እላለሁ። ቀላል ነው።

መጋቢት 18

ዛሬ ሥራ በዛብኝ። የክለቡን አዲስ ባነር ጨርስ ተባልኩ። ነገ ጨዋታ ነው። ሰኞ።

መጋቢት 19፣ እሁድ

ሦስት ለዜሮ አሸነፍን።

ይህን ለማንም አልናገርም፤ እዚህ ብቻ ልጻፈው። እንድንሸነፍ ፈልጌ ነበር። ሁለት ጨዋታ ብንሸነፍ እስራኤል ይነሳል፤ እስራኤል ሲነሳ ጋሽ ማረውን ይጠሯቸዋል፤ ሲጠሯቸው ውሸቱ እውነት ይሆናል። የኛ አጥቂ ብቻውን ከበረኛው ጋር ሲገናኝ በልቤ «ሳተው» አልኩ። አገባው። ሜጋፎኑን አፌ ላይ አድርጌ «ጎል» አልኩ፤ ድምፁ ግን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ቦርከና ይሸነፍ ብዬ አላውቅም። አመመኝ። ማታ ልጁን አቅፌ ቁጭ አልኩ፤ አለቀሰብኝ፤ ለሰላም መለስኩላት።

መጋቢት 23

እንድሪስ መኪናውን ሱቄ በር አቁሞ ጠራኝ። ጋሽ ማረው መነኸሪያ አግኝተውት፣ «ልምምድ መቼ ነው የምጀምረው? ደብዳቤ አልደረሰኝም፤ ጋሹን ጠይቅልኝ» ብለውታል።

«ምን ልበላቸው?» አለ እንድሪስ። ነገሩን ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹን የመለሰው እሱ ነው።

«ከፋሲካ በኋላ በላቸው።»

«ከፋሲካ በኋላ ምን አለ?»

«ዝም ብለህ በላቸው! እስከዚያ ነገሩ ይለወጣል።»

ሞተሩን አስነሳ። «እኔ መኪና ነው የምነዳ» አለ፤ «ይህን ግን እነግርልሃለሁ። ሁለተኛ አትላከኝ።»

መጋቢት 26፣ እሁድ

ከሜዳችን ውጪ ባዶ ለባዶ። ጥሩ ውጤት ነው ይላሉ። ዕረፍት ላይ አጋጣሚ ነው ብዬ በሜጋፎን፣ «እስራኤል፣ እስራኤል፣ ጎሉ የታል?» አልኩ። እንደ ቀልድ። ሰው ይቀበለኛል ብዬ። አንድም ሰው አልተቀበለኝም። አንድ ሽማግሌ ደጋፊ ዘወር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ አሰልጣኝ ማባረር ሱስ ሆነብህ?» አሉኝ። በተመለስንበት አውቶብስ ውስጥ ማንም አጠገቤ አልተቀመጠም፤ ወይም ቦታ ስለነበረ ይሆናል።

መጋቢት 29

ነገ።

ሚያዝያ 1፣ ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ዋልኩ። ቄስ ኃይለ ሚካኤል በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ አድርገው፣ «ለማረው ነገርከው?» አሉኝ በጆሮዬ። ለፋሲካ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ለፋሲካ ሰው አይከፋም።

ሚያዝያ 3፣ ፋሲካ

በፋሲካ ቀን እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? አልወጣሁም። እትዬ ባይነሽ በሰው በግ ልከውልናል፣ «ለአራሷ» ብለው። ሰላም መርቃ መርቃ ልትሞት ነው። እኔ ሲታረድ ቆሜ ማየት አቃተኝ።

ሚያዝያ 6፣ ረቡዕ

ሁሉንም ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ስታዲየም ውስጥ ነበርኩ። እሁድ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ ካሸነፍን ናዝሬት ነን። አጥሩ ላይ «እስራኤል የድል አባት» የሚል እንድጽፍ ታዝዤ ነበር። ቡድኑ ልምምድ ላይ ነው። በዋናው በር ጋሽ ማረው ገቡ።

ያችን የታጠበች ቱታ ለብሰዋል። ተተኩሳለች። ፊሽካ አንገታቸው ላይ አለ። ጢማቸውን ተላጭተው ፀጉራቸውን ተቆርጠዋል። እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ወደ ሜዳው መሃል ሲሄዱ ተጫዋቾቹ ቆሙ። አንዱ ኳስ ይንከባለል ነበር፤ ያን ኳስ ያቆመው የለም። ኳሱ በራሱ ጊዜ ቆመ።

እስራኤል ሮጦ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨበጣቸው። ልጁ ጨዋ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ! ሊጎበኙን ነው?»

ጋሽ ማረው የእስራኤልን ፊሽካ አዩ። የራሳቸውን ፊሽካ ነኩት። ሰሌዳውን አዩ፣ ተጫዋቾቹን አዩ። ገባቸው። ከሩቅ ሆኜ ሲገባቸው አየሁ።

ፊሽካውን ቀስ ብለው ከአንገታቸው አውጥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «አዎ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር፤ «ስሄድ ልጆቹን አልተሰናበትኳቸውም። ለዚያ ነው የመጣሁ።» ከዚያ አንድ በአንድ ሳሟቸው። ያ እናቱን የቀበረው አጥቂ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ አልለቀቃቸውም።

እኔ የት ነበርኩ? ከውኃ ታንከሩ ኋላ። ቀለም እየበጠበጥኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለሙ ቀድሞም ተበጥብጧል።

ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። የጻፍኩትን አነበቡ። እኔን አላዩም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። እንድሪስ ከበሩ ውጪ መኪናው ውስጥ ጠብቆ ወደ ደሴ መለሳቸው። በኋላ መጥቶ፣ «ሐረጎን እስክንጨርስ አንድ ቃል አልተናገሩም» አለኝ። «ደጋው ሲጀምር መስኮቱን ዝጋው፣ በረደኝ አሉ። ያ ብቻ።»

ለሰላም ነገርኳት። ሁሉንም። ማለቴ የሽማግሌዎቹን። ልጁን አስተኝታ፣ «በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቀን ያየ ሰው ልጅህን ሊያቅፍ ይመጣል?» አለች። ከዚያ ወደ እንየው ሰው ላከች።

ሚያዝያ 10፣ እሁድ

አለፍን። ናዝሬት ነን።

ከተማው በመኪና ጡሩምባ ተናወጠ። አንሥተው በትከሻ ተሸከሙኝ። «ጋሹ፣ አዲስ ግጥም!» አሉ። ምንም አልመጣልኝም።

ሚያዝያ 17፣ እሁድ

ልጄ ክርስትና ተነሳ።

ገና ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ነበርን። እንየው አዲስ ነጠላ አድርጎ ቆሟል። ቄስ ኃይለ ሚካኤል፣ «የክርስትና አባቱ ቀረብ ይበል» ሲሉ እንየው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ቆመ። ከኋላችን ጋሽ ማረው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጡ። ለካ ማታውኑ ወርደው ሐጂ ቤት ነው ያደሩት። ሰላም ልጁን ሰጠቻቸው። እኔ አልሰጠሁም። ልጁ ከውኃው ሲወጣ ጩኸቱን ለቀቀው። ጋሽ ማረው በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ «አይዞህ፣ አይዞህ፣ የኔ ጌታ» እያሉ ሲያባብሉት እኔም አለቀስኩ።

ቤት ድግስ ነበር። ለነሐጂ በራሳቸው ሰው የታረደ ለብቻ ተሠርቷል። ሐጂ ጋሽ ማረውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «አውፍ በለኝ፣ ማረው፤ እልልታው አፌን ያዘኝ» አሉ። ጋሽ ማረው ሳቁ፤ «ሐጂ፣ እርስዎ ምን አደረጉኝ? ሚስቴም እልል ካለች ቆይታ ነበር» አሉ። እውነተኛ ሳቅ ነበር።

ለኔ ግን አልሳቁም። እጅ ማስታጠቢያውን ይዤ ቀረብኩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ ውኃ አፈሰስኩላቸው። ሌላው ሰው እያወራ ስለነበር ማንም አልሰማም።

«ለልጁ ነው የመጣሁ» አሉኝ፤ እጃቸውን እያሹ። «ሽማግሌ ላክህ፤ መጡ። እንድሪስን ላክህ፤ መጣ። ሕዝቡንም ላክህብኝ። አንተ ግን እስከ ዛሬ አልመጣህም።»

ውኃው አለቀ። ማስታጠቢያውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ፎጣውን ሰላም አቀበለቻቸው።

ሚያዝያ 21፣ ሐሙስ

የደጋፊው አውቶብስ ጠዋት ወደ ናዝሬት ሊነሳ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ጡሩምባ ነፋ። ሜጋፎኑን በመስኮት አቀበልኳቸው። «ታምመሃል?» አሉኝ። አልታመምኩም አልኩ። አልገባቸውም፤ ሄዱ።

እኔ ደሴ ወጣሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፤ ያለ ጃኬት ስለመጣሁ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እትዬ ባይነሽ በሩን ከፍተው ከኋላዬ ሰው ፈለጉ።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ገብተው ጠሯቸው። በመንገድ ላይ ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ሕዝቡ፣ ስለ ውጤቱ፣ ሐጂ ስለተናገሩት፣ ስለ ዓመት በዓሉ። ጋሽ ማረው ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ያ ሁሉ ጠፋብኝ።

«ግጥሙን የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እሱንማ በሰማሁት ቀን አውቄዋለሁ» አሉ። «ሌላውን ንገረኝ።»

ነገርኳቸው።